ጥናቴን በአማርኛ ብሎግ ልጽፍ ነው፤ የሞከራችሁ ምከሩኝ

ሮቶ ከፋቿ (ድሬዳዋ)

ሰላም ለቤቱ። የምኖረው ድሬ ነው። ምሥራቅ ካሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ የትኛው እንደሆነ ይለፈኝ። የማጠናው የወባ ትንኝ ነው፤ ያውም ገና ክንፍ ሳታወጣ፣ ውሃ ውስጥ እጭ ሆና እያለች። ስለዚህ ሥራዬ የሰው ግቢ ገብቶ የሮቶ ክዳን መክፈት ነው። እከፍታለሁ፣ በባትሪ አያለሁ፣ እጀታው ረጅም በሆነ ነጭ መቅጃ እቀዳለሁ፣ መቅጃው ውስጥ የሚርመሰመሰውን እቆጥራለሁ። መቅጃው 350 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ሌላ አገር ያሉ የትንኝ ሰዎችም በዚሁ ልክ ስለሚቀዱ ቁጥራችንን ማወዳደር ይቻላል።

ነገሩ እንግዳ ለሆነበት ባጭሩ ልንገር። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ አለች። የትውልድ አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ነው። በእኛ ቀጠና መጀመሪያ የተመዘገበችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። በ2016 ደግሞ እዚሁ አገራችን፣ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ተገኘች። ነባሯ የወባ ትንኝ ዝናብ ያቆረውን ውሃ ነው የምትወደው። ይቺኛዋ ግን ሰው ያጠራቀመው ይበቃታል፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ። ክረምት እስኪመጣ አትጠብቅም። በ2022 ድሬ ላይ በደረቁ ወራት ወባ ሲነሣ ከጀርባው እሷ ነበረች፤ ጥናቱ በ2023 ኔቸር ሜዲስን የተባለ መጽሔት ላይ ወጥቷል። እኔ እዚያ ውስጥ የለሁበትም። የእኔ ትንሽ ናት። የትኛው የውሃ ዕቃ ውስጥ ይበዛሉ የምትል።

ያቺ ትንሿ ፔፐር በእንግሊዝኛ ወጥታለች። ጥሩ ነው፤ ለሲቪ ይሆናል። ክዳን የከፈቱልኝ ሰዎች ግን አያነቧትም። ነገሩን ያነሱብኝ ሳቢያን ያሉ አንድ እናት ናቸው። ቡና እያፈሉ ነበር። «ባለፈውም ልጆች መጥተው ቀድተው ሄዱ። አሁን ደግሞ አንቺ መጣሽ። ቅዱ፣ ምን ቸገረኝ። ውሃዬ ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግረኝስ መቼ ነው የሚመጣው?» አሉኝ። ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ብሎግ ልክፈት እያልኩ ነው። በአማርኛ። ያገኘሁትን፣ ፈልጌ ያጣሁትን፣ ሰፈር ለሰፈር ስዞር ያየሁትን በወር አንዴ ልጽፍ። ለባልደረቦቼ ሳወራ ግን ሁሉም ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰብኝ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ «ለእድገት አይቆጠርም፤ ጊዜሽን ሁለተኛ ፔፐር ላይ አውዪው» አለኝ። አንዱ ጓደኛዬ «ሐሳብሽን ወስዶ ቀድሞሽ የሚያወጣ ሞልቷል» ይላል። ሌላዋ «ያላሳተምሽውን ብሎግ ላይ ካወጣሽው ጆርናል አይቀበልሽም» ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ብሎግ ማን ያነባል፣ ቴሌግራም ቻናል ክፈቺ ባይ ነው።

ዩኒቨርሲቲ እያስተማራችሁ እንዲህ የሞከራችሁ ካላችሁ እስቲ አንድ በሉኝ። አንባቢ የሆናችሁም ተናገሩ። ምን ቢጻፍላችሁ ታነባላችሁ?

ምድር ባቡር (ድሬዳዋ)

ተይው አቦ! እኔም አስተማሪ ነኝ። ኃላፊሽ እውነቱን ነው የነገረሽ። ኮሚቴ ፊት ስትቀርቢ የምትጠየቂው ስንት ፔፐር፣ የት ጆርናል ነው። «ሰው አነበበልኝ» የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለም። ቀን ስታስተምሪ ውለሽ፣ የተማሪ ፈተና አርመሽ፣ የተመራቂ ጽሑፍ አንብበሽ፣ ማታ ደግሞ ኮሜንት ላይ ከማታውቂው ሰው ጋር ስትጨቃጨቂ ታየኝ። ያውም በድሬ ሙቀት። ጽፈሽ ስትጨርሺስ ማን አመሰግናለሁ ሊልሽ ነው? ሁለተኛውን ፔፐር ሥሪ። ረዳት ፕሮፌሰር ስትሆኚ ትጽፊያለሽ። ያኔ ደግሞ ጊዜ የለሽም፣ ተገላገልሽ።

ከጀጎል ማዶ (ሐረር)

እህቴ፣ የምጽፍልሽ ከሐረር ነው። በአፈርና ውሃ ዙሪያ ብዙ ዘመን አስተምሬአለሁ። በአማርኛ መጻፍ ከጀመርኩም ቆየሁ።

ስለ እድገት ከላይ ያለው ወንድማችን ልክ ነው። አትከራከሪው። ብሎግ እንደ ፔፐር ይቆጠርልኝ ብለሽ ኮሚቴ ጋር ከተሟገትሽ የምታተርፊው ድካም ነው። ግን ዩኒቨርሲቲ ሦስት ሥራ አለበት፤ ማስተማር፣ ምርምር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት። ሦስተኛው ላይ ብዙው መምህር የሚያስገባው ስለሚያጣ ለሪፖርት ሲባል በበጋ ችግኝ ሲተክል ፎቶ ይነሣል። አንቺ ጽሑፎችሽን አትመሽ፣ የወጡበትን ቀን ጽፈሽ፣ ከቀበሌ ወይ ከጤና ጣቢያ «ተጠቅመንበታል» የሚል ደብዳቤ አያይዘሽ እዚያ ውስጥ አስገቢ። የሚቀበል ኮሚቴ አለ፣ የማይቀበልም አለ። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ ጥናት ብሔራዊው ማከማቻ ውስጥ ለሁሉም ክፍት ሆኖ እንዲቀመጥ ያዝዛል። ብሎግ አይልም። መንፈሱ ግን ካንቺ ጋር ነው፤ ስትከራከሪ ጥቀሺው።

ስለ ስርቆት። ዜኖዶ የሚባል ማከማቻ አለ፤ የሚያስተዳድረው ሰርን የተባለው የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል ነው። ጽሑፍሽን ስትጭኚበት በነጻ ዲኦአይ፣ ማለትም የጽሑፉን ቋሚ መለያ ቁጥር፣ ይሰጥሻል። ዲኦአይ ያለው ጽሑፍ ቀኑ ይታወቃል፣ ባለቤቱ ይታወቃል፣ ሌላ ሰውም ሊጠቅሰው ይችላል። ላፕቶፕሽ ውስጥ የተኛው ሐሳብ ነው ቀን የሌለው። ቲሞቲ ጋወርስ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ አለ። በ2009 መጀመሪያ አንድ ከባድ ቴዎረም በሌላ፣ ቀለል ባለ መንገድ ይረጋገጥ እንደሆነ ብሎጉ ላይ ጠየቀ፤ ኑ አብረን እንሞክረው አለ። ሐሳብ ያለው ሁሉ ኮሜንት ላይ ጻፈ። ዓለም የሚያውቀው የሒሳብ ሊቅ ቴሬንስ ታኦ ሳይቀር ገባበት። ሁለት ወር ሳይሞላ መንገዱ ተገኘ። ፔፐሩ ዲ.ኤች.ጄ. ፖሊማዝ በሚል የጋራ ስም ነው የወጣው። ማን ምን እንዳለ ኮሜንቱ ላይ ከነቀኑ ተቀምጧል፤ የኔ ነበር ብሎ የሚጣላ አይኖርም።

ሒሳብ ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዋል። አንቺ ግቢ ለግቢ ዞረሽ የሰበሰብሽውን ዳታ ሜዳ ላይ አስጪው እያልኩሽ አይደለም።

ጆርናል አይቀበልሽም ላለችሽ ጓደኛሽ ይህን ንገሪያት። በ2010 መጨረሻ ሳይንስ የተባለው መጽሔት አንድ ጥናት አወጣ። ካሊፎርኒያ ሞኖ ሐይቅ ውስጥ የተገኘ ባክቴሪያ በፎስፈረስ ፈንታ መርዛማውን አርሴኒክ ሊጠቀም ይችላል የሚል። ናሳ ትልቅ መግለጫ ሰጠበት፣ ዓለም ጉድ አለ። ሮዚ ሬድፊልድ የምትባል ካናዳ የምታስተምር የማይክሮባዮሎጂ ምሁር በቀናት ውስጥ ዘዴውን አንድ በአንድ ፈትሻ ብሎጓ ላይ አወጣችው። በዚያም አላበቃች። ሙከራውን ራሷ ደገመችው፣ ሂደቱን ደግሞ እዚያው ብሎግ ላይ እያሳየች። ባክቴሪያው ዲኤንኤ ውስጥ አርሴኒኩ የለም። በ2012 የእሷና የባልደረቦቿ ጥናት እዚያው ሳይንስ ላይ ታተመ። ልብ በይ፣ ውጤቱ አስቀድሞ አደባባይ ወጥቷል፤ መጽሔቱ ግን አልከለከላትም። የመጀመሪያውን ጥናት ሳይንስ በይፋ የሰረዘው በ2025 ነው። መጽሔቱ የዘገየውን ያህል ብሎጉ ፈጥኗል።

ሁሉም ጆርናል እንደዚያ ነው ማለቴ አይደለም። የምትልኪበትን ጆርናል መመሪያ አንብቢ። ፕሪፕሪንት (ጆርናል ሳይገመግመው አደባባይ የሚወጣ ረቂቅ) እንፈቅዳለን ካለ ብሎግም ብዙ አያስቸግርም። ከተጠራጠርሽ ለኤዲተሩ ሁለት መስመር ኢሜይል ላኪለት፤ ይመልሳሉ። ያልታተመ ሰንጠረዥ ግን አታውጪ። ስለ ዘዴሽ፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለታተመው ውጤት ብቻ ብትጽፊ ለዓመት ይበቃሻል።

አሁን ስለ ራሴ ትንሽ ላውራ። የሐረማያን ሐይቅ ታሪክ ታውቂያለሽ። ሐረርን ያጠጣ የነበረው እሱ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ማለቂያ ጨርሶ ደረቀና ከብት ይግጥበት ጀመር። ሐረር ውሃ ከቆላው፣ ከድሬ በኩል በፓምፕ እየተሳበ ይመጣላት ጀመር። ባለፉት ዓመታት ሐይቁ ተመልሷል፤ ያኔ ለምን ደረቀ የሚለው ግን አሁንም መታወቅ ያለበት ነገር ነው። ጥናቶቹ የሚሉት ተቀራራቢ ነው። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ብዙ ውሃ ተሳበ፣ ከዳገቱ አፈር እየታጠበ ገባበት፣ ከተማውም ጠጣው። ይኸንኑ በአማርኛ ጻፍኩት፤ ከአንድ ገጽ ብዙም አይበልጥ።

ከሥሩ አንድ የአወዳይ ልጅ ረጅም ኮሜንት ጻፈ። አባቱ ሐይቁ ዳር ማሳ ነበራቸው። ሐይቁ ሲሸሽ የፓምፑን ቱቦ እንዴት እየቀጠሉ እንደተከተሉት፣ ቱቦው አልደርስ ሲል የሐይቁ ጭቃ ላይ ጉድጓድ እንደቆፈሩ፣ በውሃ ተራ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ናፍጣ ሲወደድ ምን እንደተከሉ ዘረዘረው። እኔ ፔፐሬ ውስጥ «የውሃ አጠቃቀም በከፍተኛ ሁኔታ ጨመረ» የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። ቀጣዩን መጠይቅ ያዘጋጀሁት የልጁን ኮሜንት አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ ነው። ልጁንም ዳታ ሰብሳቢ አድርገን ቀጠርነው። ጆርናል ላይ ብቻ ቢወጣ ያ ልጅ ከየት ይመጣ ነበር?

ስለ ቴሌግራም፣ ሁለቱንም አድርጊ። ዋናው ጽሑፍ ብሎግ ላይ ይቀመጥ፤ ጎግል ያገኘዋል። መግቢያውንና ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ልቀቂ። ቴሌግራም ብቻ ከሆነ በሰላምታና በማስታወቂያ ይቀበርና አንቺም ፈልገሽ አታገኚውም። ፎቶ አታብዢ፤ ኔትወርኩን ታውቂዋለሽ። ስትጽፊ ደግሞ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት ብለሽ አትደርድሪ። እኛ ፔፐር ስንጽፍ ውጤቱን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን። አንቺ ከእሱ ጀምሪ።

ቀፊራ ዕቃ ቤት (ድሬዳዋ)

አቦ እህቴ ስሚኝማ። እኔ ፕሮፌሰር አይደለሁም። ሮቶ፣ በርሜልና የቧንቧ ዕቃ ነው የምሸጠው። ይህን ልጄ ነች የላከችልኝ። እስከ ታች አነበብኩት፤ ስለ ኮሚቴ ብዙ ተባለ፣ ስለ ሮቶ የተናገረ ግን የለም።

ክዳን ክዳን ትያለሽ። ክዳንማ ሰው ይገጥማል፤ አቧራና ድመት ይፈራል። ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ቱቦ አይተሽዋል? ሮቶ ከአፉ ሲያልፍ ውሃው በጎኑ የሚፈስበት። ጫፉ ክፍት ነው፤ ሁለት ጣት ያስገባል። ትንኝ በበር ካልገባች በዚያ ትገባለች። ሮቶ የሚገዛኝ ሰው ስለ ዋጋው ይከራከራል፣ ስለ ቀለሙ ይከራከራል፤ ለዚያ ቱቦ ወንፊት ስጠኝ ያለኝ የለም። ሽቦ ወንፊት ቁራጩ ከሻይ ዋጋ ብዙ አይርቅም። በላስቲክ ወይ በሽቦ ታስሮ አለቀ።

ሌላ ልንገርሽ። ሮቶ ሲያረጅ ፀሐይ ክዳኑን ያጣምመዋል፣ ጥርሱ አይይዝም። ያኔ ሰው ድንጋይ ይጭንበታል። ሮቶ ላይ ድንጋይ ካየሽ ክዳኑ አይገጥምም ማለት ነው። መሰላል ሳትወጪ ከመንገድ ላይ ሆነሽ ታውቂዋለሽ። ለጥናትሽ ይጠቅምሽ ይሆናል፣ እኔ ምን አውቃለሁ።

ደግሞ «ውሃውን በየሳምንቱ ድፉ» ብለሽ እንዳትጽፊ። እንደሱ ሲባል ሰው ይስቃል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሌሊት ተነሥቶ የሞላውን ውሃ ድፋ ብትዪው ማን ይሰማሻል?

በአማርኛ ብቻ አትጻፊ። ከደንበኞቼ ብዙው አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም። ከገንደ ቆሬ የሚመጣው ሶማሊኛ ነው፣ ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጣው ኦሮምኛ ነው። በድምፅ ቅጂው። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሱቄ በር ላይ ስፒከር አለኝ፤ በዘፈን መሃል አስገባዋለሁ።

ፈቃድ ይቅደም

የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ ስለማገለግል ይህን ጉዳይ ሳላነሣ አላልፍም። ፎቶ።

ፔፐር ውስጥ አንድ ቤት ቁጥር ነው። ብሎግ ላይ ግን ሰማያዊ በር፣ የተለየ ሮቶ፣ ከጀርባው የታወቀ ሚናሬት ወይ ሕንፃ ይታያል። ጎረቤት ወዲያው ያውቀዋል። «ወባው ከእነሱ ግቢ ነው የመጣው» ሲባል ውሎ ያድራል። ያቺ እናት ደግሞ ሁለተኛ ክዳን አይከፍቱልሽም፤ ሰፈሩም አይከፍትልሽም። ሮቶውን ከቅርብ አንሺው፣ ውስጡን ብቻ። ስልክሽ ፎቶ ሲያነሣ ቦታውን አብሮ ስለሚመዘግብ ሎኬሽኑን አጥፊው። የጥናት ቤቶችሽን ነጥብ በነጥብ የሚያሳይ ካርታ አትለጥፊ፤ በቀበሌ ደረጃ ይበቃል።

የስምምነት ቅጽሽንም መልሰሽ እዪው። ሰዎቹ የፈረሙት ድምር ውጤቱ እንዲወጣ ከሆነ ድምር ውጤቱን ብሎግ ላይ ማውጣት አያጣላም። የአንድ ቤት ታሪክ ልትተርኪ ከሆነ ግን ሄደሽ አስፈቅጂ። የሳቢያኗን እናት እዚህ እንዳወራሽው ማውራት ችግር የለውም። ከሮቷቸው ፎቶ ጋር ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ሮቶ ከፋቿ (ድሬዳዋ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ምድር ባቡርንም ጭምር።

ጋሼ ከጀጎል ማዶ፣ የዜኖዶው ነገር ገብቶኛል። ከፍቼዋለሁ። የጤና ጣቢያውን ደብዳቤም እጠይቃለሁ። ሁለተኛውን ፔፐር የምልክበትን ጆርናል መመሪያም አየሁት፤ ፕሪፕሪንት ይፈቅዳል። ሰንጠረዦቼን ግን እንዳሉኝ ይዣቸዋለሁ።

ወንድሜ ቀፊራ፣ አንተ ግን ሌላ ሥራ ሰጠኸኝ። የመረጃ ቅጼ ላይ «ክዳን አለው / የለውም» የሚል አለ። ስለ ትርፍ ውሃ ቱቦ አንድም ጥያቄ የለም። ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ሁለት ነገር እጨምራለሁ፤ ቱቦው ወንፊት አለው ወይ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ አለ ወይ። የድንጋዩ ነገር ከሠራ ደግሞ ፔፐሩ ላይ ምስጋና ውስጥ ትገባለህ፤ በስምህ ይሁን በሱቅህ አንተ ምረጥ።

የመጀመሪያው ጽሑፍ መግቢያ ይኸው። ሳትራሩ ንገሩኝ።

«ሮቶዎ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ? ክዳኑን ይክፈቱና ባትሪ ያብሩ። ትንሽ ይጠብቁ። እጮቹ ጥላ ሲያዩ ወደ ታች ይጠልቃሉ፤ አየር ስለሚያስፈልጋቸው ብዙ ሳይቆዩ ይመለሳሉ። ሲመለሱ አኳኋናቸውን ይዩ። ውሃው ፊት ላይ እንደ ክር ተጋድመው ከተንሳፈፉ የወባ ትንኝ ወገን ናቸው። ጭራቸውን ወደ ላይ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገው ከተንጠለጠሉ የወባ አይደሉም። ግን ገና አይደሰቱ። ደንጊና ችኩንጉንያ የምታስተላልፈው ትንኝም እንደዚያ ነው የምትንጠለጠለው። ድሬ ሁለቱንም ታውቃቸዋለች፤ ደንጊን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ችኩንጉንያን በ2019። ያ ክረምት ቤት ለቤት ሰው በመገጣጠሚያ ሕመም ሲያነክስ የነበረበት ነው።

ውሃውን ይድፉ አልልም። በስንት መከራ እንደሞሉት አውቃለሁ። ሦስት ቦታ ግን ይዩልኝ፤ ክዳኑን፣ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ፣ ትርፍ ውሃ የሚወጣበትን ቱቦ። እንቁላል ከተጣለ በኋላ በእኛ ሙቀት ትንኝ ሆኖ ለመብረር አንድ ሳምንት ተኩል ግድም ይበቃዋል። ዛሬ ያዩት እጭ በሚቀጥለው ሳምንት መኝታ ቤትዎ ነው።»

የኦሮምኛውንና የሶማሊኛውን ድምፅ የሚያነብልኝ ሰው እየፈለግሁ ነው። ኦሮምኛውን እኔ ብሞክረው ሰው ወባውን ትቶ ስለ አነጋገሬ ነው የሚያወራው።

ቀፊራ ዕቃ ቤት (ድሬዳዋ)

ጥሩ ነው። ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፣ ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሰሙ። «መኝታ ቤትዎ ነው» ስትል አንዷ ደንበኛ ዞር አለች።

ሁለት ነገር አስተካክዪ። «ጠዋት» ብለሽ ጨምሪ። ቀትር ላይ ጥቁር ሮቶ እጅ ይልጣል፤ ሰው አንዴ ከተቃጠለ ሁለተኛ አይነካውም። ደግሞ ሮቶ ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ብረት ቋት ላይ ነው ያለው። መሰላል የሚይዝላቸው ሰው ይኑር በይ። አሮጊት ሰው አንቺን አምነው ወጥተው ቢወድቁ እዳው የማን ነው?

ሶማሊኛውን ከጎኔ ያለው ጨርቅ ሻጭ ያነበዋል። ድምፁ ሬዲዮ ነው። ጽሑፉን ብቻ ላኪ።

ምድር ባቡር (ድሬዳዋ)

እድገት ላይ ያልኩት እንዳለ ነው፤ ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ግን ይህን ካነበብኩ በኋላ ጓሮ ያለውን በርሜል ከፈትኩት። የልብስ ማጠቢያ ውሃ ነው። አሉ። ጭራ ወደ ላይ፣ ጭንቅላት ወደ ታች። ስነካው ሁሉም እየተጠማዘዙ ሰመጡ። ሚስቴ ከጎኔ ቆማ «እና ምን ይደረግ?» እያለችኝ ነው። ምን ይደረግ?

ሮቶ ከፋቿ (ድሬዳዋ)

ደንጊና ችኩንጉንያ የምታስተላልፈው ኤደስ ልትሆን ትችላለች፣ ኩሌክስ የምትባለው ተራ ትንኝም ልትሆን ትችላለች። ማይክሮስኮፕ ሥር ካላየሁ አልፈርድም።

ውሃውን በነጠላ ጨርቅ እያጠለልክ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠው፤ ለልብስ ይሆናል፣ አትድፋው። ጨርቁ ላይ የቀሩትን ደረቅ አፈር ላይ አራግፋቸው። ቦይ ውስጥ እንዳትጥላቸው፣ እዚያ ያድጋሉ። ከዚያ የባዶውን በርሜል ግድግዳ በብሩሽና በሳሙና እሸው። በተለይ ከውሃው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ያለውን። ኤደስ ከሆነች እንቁላሏን የምትለጥፈው እዚያ ነው። ቢደርቅም ለወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ውሃውን ብቻ ቀይረህ ብትተወው ተመልሰው ይመጡብሃል። ሲያልቅ አፉን በወፍራም ጨርቅ ሸፍነህ በገመድ ጥብቅ አድርገህ እሰረው።

ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን ጥቂቶቹን ከነውሃቸው በሃይላንድ ቀድተህ አስቀምጥልኝ። እስከ አፉ አትሙላው፣ ጥላ ውስጥ ይሁን። አድራሻህን በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ ነገ ከክላስ በኋላ ባጃጅ ይዤ እመጣለሁ።